አባ ኮስትር ዘአምስተርዳም

ሐሳብን በነጻነት የመግለጽ መብት ይከበር ብለው ከሚጮኹት ሰዎች አንዱ ነኝ። መብቱ ሲከበርልኝ የምገልጸው ሐሳብ ግን እስካሁን አልተገኘም። ፍለጋው ቀጥሏል።

እስከዚያው በሰው ሐሳብ ላይ እሠራለሁ። መምህራን ማረፊያ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ "የውይይታችን ደረጃ እኮ ወረደ፣ ስድብ ብቻ ሆነ፣ መደማመጥ ጠፋ" የሚለውን ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉኛል። በዚህ መሀል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ንዝር ሲል ከጠረጴዛው ሥር አወጣና "አንተ ደንቆሮ" ብዬ ጽፌ እመልሳለሁ። ከዚያ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ትውልዴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። በፌስቡክ ግን ስሜ አባ ኮስትር ዘዳሞት ነው፤ ምስሌም የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። እሳቸው አምስቱን የጠላት ዘመን ጎጃም ውስጥ ከጣሊያን ጋር ሲተናነቁ ኖሩ። እኔ የቀበሌው ጥበቃ ገና ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ሳይጠይቀኝ መታወቂያዬን አወጣለሁ። የፈረስ ስማቸውን ስወስድ ማንንም አላስፈቀድኩም። ፈረስ መጋለብም አልችልም።

ስለ በርበሬው ጠብ ልንገራችሁ። አንድ ሰው የማረቆን በርበሬ ፎቶ ለጠፈና "ከዚህ የሚበልጥ ካለ ይምጣ" አለ። ልብ በሉ፣ እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። በርበሬ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ቀይ ስጥ ለብሶ መንገደኛውን በመኪና መስኮት የሚያስነጥስበት አገር ነው። ደሜ ፈላ። "ማረቆ ቀለም ነው፤ በርበሬ ቡሬ ነው" ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ነበርኩ። ሁለተኛው ሰው "ጎጃሜ ደግሞ ስለ በርበሬ ምን ያውቃል" አለ። ሦስተኛው ላይ ብሔር ገባ። አራተኛው ላይ አፄ ምኒልክ ገቡ። አፄ ምኒልክ ከገቡ በኋላ በርበሬ የሚባል ነገር ያነሳ ሰው የለም። እኔ ራሴ የሰውየውን ዘር ማንዘር፣ ፊደል አለመለየቱን፣ የጫማውን ነገር፣ በመጨረሻም ራሰ በራነቱን አነሳሁ። ራሰ በራነቱ ላይ ቆይቻለሁ። (እኔም ራሰ በራ ነኝ። በላይ ዘለቀ ግን ጎፈሬ ናቸው።)

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሚስቴ ነቃች።

"ምን ሆነህ ነው የማትተኛው?"

"ሰውየው የቡሬን በርበሬ ሰደበው።"

"አንተን ምን አገባህ? ጨጓራህ ነው ብዬ ካገባሁህ ጀምሮ አልጫ አይደል እንዴ የምሠራልህ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ስልኩን ዝቅ አድርጌ አንድ የመጨረሻ ኮሜንት ጻፍኩ፤ ከዚያ ሌላ የመጨረሻ።

ሰውየው በማግስቱ ብሎክ አደረገኝ። እዚህ ላይ ነው የሕግ ሰው የሆንኩት። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ማንም ሲያግደኝ፣ ማንም ኮሜንቴን ሲያጠፋ "አንቀጽ 29!" እላለሁ። አንቀጹ የሚናገረው መንግሥት በሰው አንደበት ላይ ሳንሱር እንዳያደርግ መሆኑን፣ የበርበሬ ወዳጅ እኔን ዕድሜ ልኩን ያድምጠኝ እንደማይል አላጣሁትም። ቢሆንም ቁጥር ሲጠሩበት ክርክር ይከብዳል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ ወዳጄ የልጁን ክርስትና ፎቶ ሲለጥፍ "ልጁ አባቱን አይመስልም" ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋው። አንቀጽ 29ን ጠቀስኩለት። እሱ በውስጥ መስመር ንዑስ አንቀጽ 6ን ላከልኝ፤ ለካስ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ ይችላል የሚል አለበት። እዚያ ድረስ አንብቤ አላውቅም ነበር። እሱንም ብሎክ አደረግሁት። እኔ ያገድኳቸው ሰዎች ዝርዝር ከጓደኞቼ ዝርዝር ይረዝማል፤ ግን እነሱ ይገባቸዋል።

አሁን የጉዱ ካሳን ጉዳይ ላምጣ፤ ይህኛው ያሳፍራል።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። የ"ፍቅር እስከ መቃብር" በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ናት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ነው፤ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እናገራለሁ። ያልነገርኳቸው፣ መጽሐፉን አንብቤ አለመጨረሴን ነው። የማውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ እሱንም ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ከአባቴ ጋር ተኝቼ ስሰማ፣ ሁልጊዜ ጥሩው ቦታ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እስካሁን ሰብለ ወንጌልን ግማሿን ነው የማውቃት።

ይሁን እንጂ ፌስቡክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ራሱን የሚያየው እንደ መጽሐፉ ጉዱ ካሳ ነው። እውነት በመናገሩ እብድ የተባለ፣ ከዘመኑ የቀደመ፣ ማንም ያልተረዳው። እኔም ነኝ። አንድ ቀን ክርክር ሲጠብብኝ "ጉዱ ካሳ እንዳለው" ብዬ ጀመርኩና ጉዱ ካሳ ያላለውን፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ዐረፍተ ነገር በትምህርተ ጥቅስ ከተትኩት። ተቀናቃኜ ዝም አለ። እሱም አላነበበውም ማለት ነው።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ጥቅሱ ግን እግር አወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሐዲስ ዓለማየሁ ፎቶ ላይ ተጽፎ፣ ጽጌረዳ ተደርጎበት ወደ እኔው ተላከልኝ። ደስ አለኝ፤ ሼር አደረግሁት። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ተሰቅሎ ሲያበቃ፣ የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ማይኩን ይዛ "የዕለቱ ጥቅስ" አለችና በሚያምር ድምፅ አነበበችው። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የማጨበጨበው ለጉዱ ካሳ ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።

ክፍል ስገባ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። "መምህር፣ የዛሬውን ጥቅስ ፈልጌ አጣሁት። የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?"

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጊዜ ነበር። እኔ "ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው" አልኩት።

ሁለተኛ ቅጽ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ግን ታታሪ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ጠየቀ፤ ከዚያ ቡሬ ያለች እህቱን አስጠየቀ፤ ከዚያ አዲስ አበባ የሚያጠና ዘመዱን ላከ። እስካሁን ባየኝ ቁጥር "መምህር፣ ታትሞ አልቋል መሰለኝ" ይለኛል። ጥቅሱን እዚህ አልደግመውም፤ ሳልደግመውም በደንብ እየዞረ ነው።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185ን ያነበብኩት እንደ ዜጋ ሳይሆን እንደ ተጠርጣሪ ነው። በር ዘግቼ አነበብኩት። ሐሰተኛ መረጃ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 50 ሺህ ብር። ለጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር። ላብ አጠመቀኝ፤ የማረቆው ሰውዬ ራስ ትዝ አለኝ። ቀጥዬ ሳነብ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል የሚለው ላይ ደረስኩ። ተከታዮቼን ቆጠርኩ። አምስት መቶ አይሞሉም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከዱባይ ልብስ የሚሸጡ ናቸው፤ አንዱ ሟች ነው።

በመጀመሪያ እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ይህን ያህል ዘመን ስጮህ፣ ሕግ አውጪው ተቀምጦ አስቦ፣ እኔን ከአደገኞቹ ዝርዝር ውጭ አደረገኝ። ነጻነቴን በመገደብ እንኳ ቅናሽ ተደረገልኝ። ያን ሌሊት ተከታይ ለማብዛት "ፎሎው ካደረጋችሁኝ ፎሎው አደርጋችኋለሁ" የሚል ነገር ጻፍኩ። ሕጉ ከባድ ነው ብዬ እየተቃወምኩ ሕጉ እንዲመለከተኝ ደጅ ስጠና አደርኩ።

መቼም በዚህ አገር በጻፉት የተቀጡ ሰዎች አሉ። በዓሉ ግርማ "ኦሮማይ"ን በ1975 አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሽፋኑ ላይ ያለው የገዛ ስሙ ነበር። እኔ ስለ በርበሬ እንኳ በስሜ መጻፍ ፈርቼ በላይ ዘለቀን አስቀድሜ ልኬያለሁ።

ፍርሃቱ ሲጠናብኝ ወደ ቅኔ ዞርኩ። ጎጃሜ አይደለሁ? ዋሸራና ጎንጅ በአገሬ ናቸው። የጥንቶቹ ሊቃውንት ሹሙን ፊት ለፊት እየዘለፉት፣ እሱ በሰሙ ተደስቶ ሲስቅ ወርቁ የሚገባው ቤቱ ሲገባ ነበር ይባላል። እኔም አንድን ሹም ለመንካት ስለ ክረምት፣ ስለ ደመና፣ ስለማይዘንብ ነጎድጓድ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፍኩ። ወርቁን ደህና አድርጌ ቀበርኩት። ከተለጠፈ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሹሙ ራሱ ላይክ አደረገና "መልካም የመኸር ወቅት ይሁንልን" ብሎ ጻፈበት። አንዲት ሴት ደግሞ "ለእናንተም ዘንቦ ነው?" አለች። ሌላ ሰው የአየር ትንበያ ባለሙያ መስዬው ስለ ጤፉ አጨዳ ጠየቀኝ።

ግራ ቢገባኝ ወደ አጎቴ ሄድኩ። አጎቴ ቅኔ የሚያስቆጥሩ የኔታ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ተማሪ ለሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቀኑን ሙሉ ጫካ ገብቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ማታ በጓደኞቹ ፊት አቅርቦ ይናዳል፤ በማግስቱ እንደገና ይጀምራል። ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ስንት ጊዜ ፈጀብህ?"

"ሻይ እስኪመጣልኝ ድረስ፣ የኔታ።"

"ይታወቃል ልጄ። ሰሙም የለ፣ ወርቁም የለ። ክሩ ብቻ ነው።"

ወርቁ ምን እንደነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን እኔም ረስቼዋለሁ።

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲዘጉ ግን ወኔዬ ተመለሰ። ለአምስት ወር ያህል ተዘግተው ቆዩ፤ አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ፤ እኔም አንድ ተማሪዬን ለምኜ አስጫንኩ። ማስታወቂያ በበዛበት በዚያ ቪፒኤን ስገባ "ኔዘርላንድ ተገናኝተዋል" አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ታፍኖ የነበረው ድምፄ ግድቡን ጥሶ ወጣ፤ በዚያ ታሪካዊ ሌሊት በስውር መንገድ ለዓለም ያደረስኩት የመጀመሪያ መልእክት ለአንድ የአርሰናል ደጋፊ ነበር፦ "እናንተ ዋንጫ የምታዩት ጠላ ቤት ነው።"

ኔዘርላንድ መባሌ ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። አድራሻዬ ላይ "ነዋሪነት፦ አምስተርዳም" ብዬ ጨመርኩ። ለቀልድ ነበር። በማግስቱ አንድ ሰው "አንተ ዳያስፖራ! እዚያ ሞቆህ ተቀምጠህ እዚህ እሳት አታቀጣጥል" ብሎ ሰደበኝ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ "እዚህ እኛ ጋ" እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ እኛ ጋ ሰው በሰልፍ ነው የሚያምነው። እዚህ እኛ ጋ ሚኒስትሩ በብስክሌት ነው የሚሄደው። ይህን ስጽፍ በደጄ የገባችውን የጎረቤት ዶሮ በእግሬ እያባረርኩ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የውስጥ መልእክት ከቡሬ ነው። "ወንድማችን አባ ኮስትር፣ የአገርህ ልጅ ነኝ፣ አንድ ስልክ እንደው ያገለገለም ቢሆን" ይላል። የላከው የአክስቴ ልጅ ነው። "ክረምቱ ከብዶናል፣ ታክሱም አላፈናፈነንም" ብዬ መለስኩለት። ቡሬ ገበያ ስንገናኝ "አምስተርዳም ያለ አንድ ቆንቋና የአገራችን ሰው አለ፤ ስልክ ብጠይቀው ስለ ብርድ ጻፈልኝ" አለኝ። "እነዚህ ዳያስፖራዎች እኮ አንጀት የላቸውም" አልኩት፤ ተያይዘን ሰደብነው። ቡና የጋበዘው እሱ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ጠፋ። ያለ ዳታ ቪፒኤን አይሠራም። ከዚያ ነሐሴ 7 መጣ፤ ፍኖተ ሰላም በመሀል ከተማዋ ከሃያ በላይ ሰው ያጣችበት ቀን ነው። በዚያ ቀን አልቀልድም። ይህን ብቻ ልበል፦ ዕድሜዬን ሙሉ "የምናገረው አለኝ" ስል ኖሬ፣ በእውነት የሚነገር ነገር ሲመጣ አባ ኮስትር የሉም ነበር። ማንም አልፈለጋቸውም።

ዳታ በሌለባቸው ወራት ጣቴ እንዳይደነዝዝ በስልኩ ማስታወሻ ላይ ኮሜንት እጽፍ ነበር፤ ሲመለስ እለጥፈዋለሁ ብዬ። ከብዙ ወራት በኋላ ቀስ እያለ ተመለሰ። ማስታወሻውን ከፈትኩት። "አንተ ውሸታም፣ ትናንት ያልከውን ዛሬ ልትክደው ነው?" ይላል አንዱ። ለማን እንደሆነ አልተጻፈም። ሌላው "ሃሃሃ" ብቻ ነው። አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ደግሞ "በመጀመሪያ ደረጃ" ብሎ ይጀምርና ሁለተኛ ደረጃ የለውም። ደግነቱ፣ የተጻፈላቸው ሰዎችም ረስተውት ነበርና ለሁሉም ለጠፍኩት።

በቅርቡ ስለ ውሃ ስብሰባ ተጠራን። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። በዚህ ጉዳይ አባ ኮስትር ብዙ ጽፈዋል። "ሕዝብ እስከ መቼ በጄሪካን!!!!" የሚለው የእሳቸው ነው፤ ከዱባይ ልብስ ሻጮች ሳይቀር ላይክ አግኝቷል። አዳራሽ ገባንና ኃላፊው "አስተያየት ያለው?" አለ። ዝም። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

"መምህር፣ እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎት።"

ተነሣሁ። ጉልበቴም ተነሣ፤ ድምፄ ግን ተቀምጦ ቀረ። "በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጀው አካል ያለኝን ምስጋና ለማቅረብ እወዳለሁ" አልኩ። ይህ ራሱ አንድ ደቂቃ ወሰደ። "ውሃን በተመለከተ ጅምሩ የሚበረታታ ነው፤ ተጠናክሮ ቢቀጥል።" ተቀመጥኩ። ምን ተጠናክሮ እንደሚቀጥል እኔም አልገባኝም፤ ያለማቋረጥ የቀጠለው ነገር የውሃው መጥፋት ነው። ተጨበጨበልኝ።

ከኋላ አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "ጌታዬ፣ እኔ አልተማርኩም። ውሃውን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ትለቁታላችሁ። በዘጠኝ ሰዓት እኛ ተኝተናል፤ ጅብ ነው የሚጠጣው። ሒሳቡን ቀን አይደል የምትሰበስቡን? ውሃውንም ቀን ልቀቁልን።" ሳቅ ሆነ፤ ኃላፊውም ሳቀ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አወጣና ስማቸውን ጠይቆ ጻፈ። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ።

ቤቴ ስገባ ደሜ ሞቆ ነበር። ስልኬን ከፈትኩና በአባ ኮስትር ስም "ዛሬ በፍኖተ ሰላም ሕዝቡ ዝምታውን ሰብሮ ሹሙን ፊት ለፊት ተጋፈጠ!!!" ብዬ ጻፍኩ፤ የእናትየውን ነገር ትንሽ አሳምሬ፣ ተናጋሪውን ወንድ አድርጌ፣ የተማረ አስመስዬ። ላይክ መግባት ጀመረ። ቀጥሎ አንድ ኮሜንት መጣ፦ "አምስተርዳም ተቀምጠህ ፍኖተ ሰላም የሆነውን ምን ታውቃለህ? እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የተናገሩት አንዲት እናት ናቸው፤ የተማረውማ አመስግኖ ተቀመጠ።"

ልክ ስለነበረ ብሎክ አደረግሁት።